ለኢሳክ ነው አልኳት

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ፎቶ ኮፒው ወረቀት በላ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ሰደብኩት። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ደንበኛ እንደሆነ የለም። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ማን ማመልከቻ ያባዛል? የት ሊያስገባው? ወደ ዋጃ መኪና የለም፣ ወደ ወልድያም የለም። ባጃጆቹ ከተማዋን ይዞሩና ይዞሩና እዚያው ይቆማሉ። እኔም እንደዚያው።

ከሰዓት ሙህሲን መጣ። ከጎኔ ያለው ሞባይል ጠጋኝ። ኔትወርክ ብቅ ስትል የኢሳክን አዲሱን ዘፈን ቀልጠፍ ብሎ አውርዶታል። ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን ሰማን። ሰውየው ፊንላንድ ሆኖ ሲጮህ እኛ ቆቦ ላይ አንገት እንነቀንቃለን… ሰው ቢያየን ጠበል ይወስደናል። እዚህ አገር ሜታል፣ ይሄን የጩኸት ሮክ፣ የምንሰማ ሁለት ነን። ሦስት ነበርን፤ እንዳለው የሚባለው ወንድሜ የሳውዲን መንገድ ገባ። ሁለታችንንም ያስለከፈን እሱ ነው። እማ "ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የሚታረድ በሬ?" እያለች ከቤት ታስወጣን ነበር።

እራት ላይ ጠየቀችኝ። "ደወለ?"

"አልደወለም እማ። ኔትወርኩ ነው።"

ከጅቡቲ ከደወለ ወዲህ ድምፁ የለም። ሁሉንም በኔትወርክ ማሳበብ ለመደብን።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኢሳክ ሞተ።

ሙህሲን ሱቁን ዘግቶ መጣ። "ቁጭ በይ" አለኝ። ምነው? "ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ!" ፊቱ ልክ አልነበረም። "ኢስሐቅ ሞተ" አለ። ስሙን እንደዚያ ነው የሚጠራው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ልምምድ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች አሉ። ሙህሲን በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ኧረ ይሄ ልጅ! የገዛ እናቱን ስንቀብር እንኳ እንዲህ አልሆነም።

የቴሌግራሙ ግሩፕ ታመሰ። አንዱ ከሐዋሳ ሻማ ለጠፈ። አንዷ ከአዳማ ሁላችንም ጥቁር እንልበስ አለች። አንዱ ደግሞ "ሰይጣን የራሱን ወሰደ" ብሎ ገባና የስድብ መዓት ወርዶበት ወጣ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ምን እላለሁ? ነፍስ ይማር? ያንን ሰው ዘመዴ ነው ልበል?

ግን ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ጆሮዬ ላይ ስሰካው ቆቦ አልነበርኩማ። ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እማ ወፍጮ ቤት ነበረች። ጥቁር ቲሸርቴን ለብሼ በረንዳው ላይ ልብስ አጥባለሁ። የኢሳክን ዘፈን ከፍቻለሁ፣ ለስላሳውን። እንባዬ መጣ፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም ብዬ ድምፄን ለቀቅሁት።

እትዬ ደመቀች ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ሮጠው ገቡ። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል። ጥቁሩን አዩና እቅፍ አደረጉኝ።

"ማነው የነገረሽ? ማነው አፉን ያልቻለው?"

"ስልክ ላይ አይቼ ነው" አልኩ።

"ስልክ ላይም ወጣ?! ወይኔ ልጄን… ወይኔ እንዳለው! አፈር እንኳ ያላገኘው፣ ባሕር የበላው!"

እንዳለው?

"እትዬ… እኔ የማለቅሰው ለዘፋኝ ነው" አልኳቸው።

እጃቸው ከትከሻዬ ወረደ። አፋቸውን ያዙ። "ምንም አላልኩም። በማርያም፣ ምንም አልሰማሽም።"

ሰምቻለሁ።

እዚያው ማክሰኞ፣ አመሻሽ

የቅሬያችን፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታረቀኝ አስጠሩኝ። ሰው ሲሞት መርዶ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገሩኝ። ጀልባው የመን ሳይደርስ ተገልብጧል። አብሮት የነበረ የሮቢት ከተማ ልጅ፣ ታደሰ የሚባል፣ ተርፎ ደውሏል። ቅሬው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ያውቃል።

"ለምን አልነገራችሁንም?"

"አጎትሽ ገዛኸኝ ከዋጃ ሳይመጣ እንዴት ይነገራል? አባታችሁ የለ። እናትሽ የደም ብዛት አለባት፤ ሥጋዋ የሆነ ሰው ሳይዛት ብትሰማው እሷንም እንቀብራለን። መንገዱ ይከፈት፣ እሱ ይምጣ፣ ንጋት ላይ እንደ ደንቡ እንነግራታለን።"

ዋጃ እኮ አፍንጫችን ሥር ናት! ሰላም በነበረ ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሄድባት አገር!

"እስከዚያ ቻይው ልጄ። አደራ።"

ምን ማለት ነው ቻይው? የት ላድርገው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እማ ሽሮ እየነፋች ስለ እሱ ታወራለች። ሲመጣ ይሄን አደርግለታለሁ፣ ያን አደርግለታለሁ… ሽንት ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ተያዝኩ። ትናንት ሚካኤልን ስማ ከመጣች ጀምሮ እማ ዝም ብላ ታየኛለች። ዛሬ ዓይኔ አብጦ አየችኝና "ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተብሽ?" አለች።

ለኢሳክ ነው አልኳት። ምን ልበላት! ፎቶውን አሳየኋት።

"ይሄ ጸጉራም? ለዚህ ነው?" አለች። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"እናት አለችው?"

"አለችው።"

"አጠገቧ ሰው አለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እማ።"

"አፈር ስሆን…" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። "በይ አልቅሺለት። ሰው አይደል?"

ፈቃድ አገኘሁ። ለፈረንጅ የማልቀስ ፈቃድ። ኢሳክዬ ይቅር በለኝ፣ ስምህን መደበቂያ አደረግኩህ። አሁን ጥቁር ቲሸርቴን እለብሳለሁ፣ ዘፈኑን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ወንድሜን አለቅሳለሁ። እማ እያለፈች ራሴን ትዳብሳለች። እሷ ስትዳብሰኝ ይብስብኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ለሙህሲን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። "ኢናሊላሂ…" አለ። አልደነገጠም።

"ታውቅ ነበር?"

እጁ ላይ የያዘውን ስልክ ገለበጠ።

"ሙህሲን! ታውቅ ነበር?"

"አደራ ብለውኝ ነው። ስለ ኢስሐቅ ልነግርሽ ስመጣ አፌ ላይ የነበረው ሌላ ነው። ወላሂ፣ ያን ቀን ያለቀስኩት ለሁለቱም ነው።"

ማዳመጫውን ወረወርኩበት። ለካ አገር ሁሉ ያውቃል! ባለሱቋ ኡሙሃኒ ስኳር የምትጨምርልኝ ለዚህ ነው። ባጃጅ ነጂው ሂሳብ አልቀበልሽም ያለኝ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ምን ደግ ሰዎች ናቸው እላለሁ! ደጎች ናቸው። አንቀው ሊገድሉኝ ነው በደግነታቸው።

አርብ፣ ኅዳር 19

መንገዱ አልተከፈተም።

እማ የእንዳለውን ጋቢ አጥባ አሰጣችው። "አቧራ ጠጥቶ" አለች። ሲደርቅ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። ውሃ ነበረን።

ከግሩፑ የሐዋሳው ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ "የኢሳክ ሞት የገዛ ወንድሜ የሞተ ያህል ነው የተሰማኝ።" መልስ ጻፍኩለት። አንተ ጥጋበኛ፣ ወንድም ሲሞት ምን እንደሚመስል ልንገርህ… ብዬ ጀመርኩ። ረዘመ። ከዚያ አጠፋሁት። ልጁ ምን አደረገ? እኔም ሞቱን የሰማሁ ሰኞ እንደዚያ ነበርኩ። እንዲያውም ቀናሁበት። የእሱን ሐዘን አገር ያይለታል፣ ሻማ ይለጠፍለታል።

ጾም ነው እያለች እማ ምሳ አትቀምስም። ከስታለች። መድኃኒቷን ውጪ እላታለሁ፣ እሺ ትላለች። በአንድ ክፍል ተኝተን ጀርባ ለጀርባ ነን። ትንፋሿን እሰማለሁ… እሷም አልተኛችም።

መቼ ነው የሚያልቀው? እንዲያልቅስ እፈልጋለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

መንገድ ተከፈተ። አጎቴ ገዛኸኝ ከሰዓት ገብቶ ጋሽ ታረቀኝ ቤት ተደብቋል። ነገ ንጋት ላይ ነው።

እትዬ ደመቀች በአጥሩ በኩል "ጠንከር በይ" አሉኝ። "አንቺ አስቀድመሽ እንዳትጮሂ። እናትሽን ከጀርባ ደግፊያት።" እሺ አልኩ። እማ ዛሬ ጸጉሬን ልሥራሽ አለችኝ። ከትንሽነቴ ጀምሮ ሠርታኝ አታውቅም እኮ! ቁጭ አልኩላት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሠልስቱ አለፈ። ድንኳኑ አሁንም ደጃችን ላይ ነው። እስኪ ልጻፈው።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ብድግ ስል እማ አልጋዋ ላይ የለችም። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በሩ ጋ ቆማለች። እሷው ከፈተች። አጎቴ፣ ጋሽ ታረቀኝ፣ የቅሬው ሽማግሎች፣ እትዬ ደመቀችና ሙህሲንም ከኋላ። ማንም አፉን ሳይከፍት በሹክሹክታ ተናገረች። ውስጥ ሆኜ ሰማኋት።

"እኔን ተዉኝ፤ መንገድ ተከፈተ ሲባል እንደምትመጡ ገብቶኛል። ሚካኤል ዕለት አንዲት የሮቢት ሴት እግዜር ያጥናሽ ብላኝ አውቄዋለሁ። ልጅቷን ያዙልኝ። ምንም አታውቅም። ለማታውቀው ፈረንጅ ስንት ቀን ሙሉ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ወንድሟን ብትሰማ ምን ልትሆን ነው ብዬ እስክትመጡ ቻልኩት። ብቻዬን መንገር ፈራሁ።"

ጋሽ ታረቀኝ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ደመቀች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

እማ ዞራ መጣች። ሁለት እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ነበር። "ወለልዬ" አለችኝ፤ "እኔ አለሁልሽ፣ እሺ? ቁጭ በይ የኔ ልጅ። እንዳለው…"

እኔም እንዳልሰማ ሰው ጮህኩ። ጩኸቱ ግን የውሸት አልነበረም፤ ፎጣ ውስጥ የነበረው በሙሉ ነው የወጣው። እማ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛኝ፣ እሷም ያን ጊዜ ገና ድምፅዋን አወጣች።

አውቅ ነበር ብዬ አልነግራትም። መቼም። ልጄን ጠበቅሁ ብላ ነው ያን ሁሉ ቀን የቆመችው፤ እሱን እንዴት እነጥቃታለሁ?

ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ለማን ነው የሚለኝ የለም።