ሰባተኛው መርፌ

ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

…ሰሊጡ መሐል በግንባሩ ተደፍቶ፣ አንድ እግሩ ከወሰኑ ድንጋይ ወዲያ ማዶ፣ ጫማው ደግሞ… የጫማውን ነገር ልተወው። እፄ ልጄ፣ ሰላም ሳልልሽ ስለ ሞተ ሰው መጀመሬን ይቅር በይኝ። አጎትሽ ዋለ ሰሞኑን ሳልጠራው ይመጣብኛል። እንደምን አለሽ? ጅማ ዝናቡ አባራ? እኔ ተመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ቢሻው ተፈትቷል። ቅጣቱን ጨርሶ በነሐሴ መጣ። አሁን ዋለን በገደለበት ወሰን ላይ፣ ከእርሻችን ጎን፣ ሰሊጥ ያሳጭዳል። በቀደም ነዶውን ለማድረቅ ስናቆም ኮዳ ይዞ ተሻግሮ መጣ።

«ጋሼ ደምለው፣ ሕመምዎን ሰማሁ። ውሃ ይጠጡ፣ ፀሐዩ ክፉ ነው።»

ጠጣሁ። ገባሽ? የወንድሜን ደም ካፈሰሰ እጅ ተቀብዬ ጠጣሁ። ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ሠራተኞቹ ፊት። የዋለ ሚስት ውባንች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታየኝ ነበር።

«እርስዎ ወንድሙ ነዎት ወይስ እህቱ?» አለችኝ።

ያስለቀሰኝ መርፌው ነው። በየሦስት ወሩ ሆዴ ላይ የሚወጉኝ፣ አንቺ ለምነሽ ያስጀመርሽኝ። የፕሮስቴቴን የጨረር ሕክምና ስጨርስ ሐኪሙ ያለውን ታስታውሻለሽ፤ የወንድ ሆርሞን የካንሰሩ ምግብ ነው፣ ሁለት ዓመት እናስርበዋለን አለ። ለካ የተራበው ካንሰሩ ብቻ አይደለም። ቁጣዬም ነው።

ስድስት ወስጃለሁ። መጀመሪያ ድንገት እየነደድሁ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ እንደ ቆላ ሰው ወባ ነው ብዬ ሁለት ዙር የወባ ኪኒን ጨረስሁ። ደሜን ሲያዩት ወባ የለም። ከዚያ ጡቴ አበጠ። ክንዴ ሟሸሸ። ጢሜ ሳሳ። የዋለን ደም ሳልመልስ አልላጨውም ብዬ የማልሁበት ጢም ነው፣ እፄ።

ሽማግሌዎቹ ለዕርቁ የኅዳር ሚካኤልን ቀን ቆርጠዋል። ቢሻው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ እግሬ ሥር ይንበረከካል። ድንጋዩን የማወርድለት እኔ ነኝ። ካወረድሁ ደሙ ደረቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጣቴን ባነሣበት ሰውም እግዜርም ይፈርድብኛል። በዚህ ሰውነቴ ከሄድሁ አወርድለታለሁ። አውቀዋለሁ። አቅፌው ሁሉ አለቅሳለሁ።

ስለዚህ ሰባተኛውን አልወጋም። ሐኪሙ ዘንድ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመቱ ቢሞላ ይሻላል። ከከበደዎት ግን ይምጡና ደምዎን አይተን አብረን እንወስናለን። ብቻዎን እንዳያቆሙ።»

«ባቆመው ጉልበቴ መቼ ይመለሳል?»

«ወራት ይፈጃል። በእርስዎ ዕድሜ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። ጉልበቱን ለምን ፈለጉት፣ ለእርሻ ነው?»

«አዎ። ለእርሻ።»

ሽማግሌዎቹን እስከ ፋሲካ ቆዩኝ እላቸዋለሁ። እስከዚያ ክንዴ ይመለሳል። ጠብመንጃውን ዘይት ቀብቼዋለሁ። ቢሻው ጠዋት ጠዋት በወሰኑ ሲያልፍ ጀርባውን አየዋለሁ። ሰፊ ጀርባ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ አይስተውም። በግንባሩ ይደፋልኝ። አንድ እግሩ ወዲያ ማዶ ይቅር። ውባንችም ቆማ ትየው፣ ከዚያ ወንድሙ ነዎት ወይስ እህቱ ትበለኝ። ካንሰሩ ይመለስ እንደሆነ ይመለስ። እሱን ከሸኘሁ በኋላ የፈለገው ይምጣ።

አንድ ነገር አለ። ስትደውይ አታንሺብኝ። ያኔ ቢሻው ከመያዙ በፊት ድንበር ተሻግሮ ጋላባት ተደብቆ ነበር። ሄድሁ። ለውባንች አጣሁት ነው ያልኋት። አላጣሁትም። ዳስ ሥር ሻይ ይጠጣል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ከዚህ እስከ ግድግዳው በማይሞላ ርቀት። ሽጉጡ ወገቤ ላይ ነበር። ስኳሩን ሲያማስል ቆሜ አየሁት። ብዙ ነበር የሚያማስለው። ከዚያ… ሙቀት ነበረ መሰለኝ። የዚያን ቀን በጣም ይሞቅ ነበር።

ያኔ ገና ምንም መርፌ አልነበረም።

በይ፣ የምታስተምሪያቸው ልጆች ያክብሩሽ። ዝናቡ ሳያገኝሽ ከቤትሽ ያግባሽ። እኔን ያላገኘኝን እንቅልፍ ለአንቺ ይስጥልኝ።

አባትሽ ደምለው

ስሜን ከጻፍሁ በኋላ ይህቺን ልጨምር። መርፌውን የምትወጋኝ ነርስ ታይቱ፣ በቀጠሮዬ ቀን ሳልሄድላት ብቀር በበረዶ ዕቃ ይዛው ከጤና ጣቢያ እስከ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ ደምለው! ይክፈቱ እንጂ፣ ፀሐዩ መርፌውንም እኔንም ጨረሰን!»

«ሰው የለም» አልኋት።

«ታዲያ የሌለው ሰው ነው የሚመልስልኝ?»

ሳቅሁ፣ እፄ። ስንት ጊዜዬ ነው። ተነሥቼ ከፈትሁላት። ገባችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።