አራት ነጥብ

ኖቬምበር 6፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ምሳ ከባቡር ጣቢያው የተገዛ ኦኒጊሪ፣ የተጠቀለለች ሩዝ፣ ያውም ጠረጴዛዬ ላይ። «የጭጋግ ደሴቶች»ን እንደገና ከፈትኩ። አገር ምድሩ በዚህ የቪዲዮ ጨዋታ አብዷል፤ ሱቅ በር ላይ ተሰልፈው ነው የገዙት። መጽሔታችን ላይ አራት ገምጋሚዎች ነን፣ እያንዳንዳችን ከአሥር እንሰጣለን። ሦስቱ ሰጥተዋል... ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። የቀረሁት እኔ።
አለቃዬ ኩረባያሺ መጥቶ ቆመብኝ። «ሚኔጊሺ፣ ሁሉም የወደደውን አንቺ ብቻ ጠላሽው አሉ?»
«ገና አልጨረስኩም።»
«ጨርሺዋ። ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ኖቬምበር 7፣ ረቡዕ
ጨዋታውን ከማያውቁት ሰው ጋር በኢንተርኔት ተገናኝተው ነው የሚጫወቱት፤ እዚያ ውስጥ ስሜ ቶፉ ነው። ፈዋሽ ነኝ፤ ጓዶቼ ሲቆስሉ አድናለሁ። ዛሬ የገባሁበት ቡድን መሪ ካኒዞ የሚባል ባለሰይፍ ነው። የቆየ፣ ጎበዝ። እኔ ደግሞ ጀማሪ ነኝ፣ እዘገያለሁ። እና ባዳንኩት ቁጥር ምን ብሎ ቢጽፍልኝ ጥሩ ነው? «ኪኖዶኩና፣ ቶፉ-ሳን።»
ምስኪን ማለት ነው! እያዳንኩት፣ ያውም አክብሮ «ሳን» እያለ፣ ምስኪን ይለኛል? አንዴ ቢሆን ቀልድ ነው እል ነበር። ውጊያው ሲያልቅ ማንም ቀድሞ መሄድ አይደፍርም፤ ሁሉም እጅ ይነሳል፣ እንደገና እጅ ይነሳል... ደሜ ፈልቶ ማሽኑን ዘጋሁት።

ኖቬምበር 8፣ ሐሙስ
አራት ሰጠሁት። ከደሴት ደሴት ለመሻገር ጀልባ ሲጠብቁ መዋል፣ ታሪኩም ውሃ ውሃ የሚል። መጨረሻ ላይ፦ «የቆዩት ተጫዋቾች ጀማሪውን በሰው ፊት ያዋርዳሉ።»
ኩረባያሺ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ። «እርግጠኛ ነሽ?»
«በራሴ ደርሶ!»
«እሺ። የሚወጣው ያንቺ ስም ነው።»

ኖቬምበር 13፣ ማክሰኞ
መጽሔቱ ወጣ። አንባቢዎች በኢንተርኔት እስከ ሰባት ቤቴ ሰደቡኝ። «ሴትዮዋ ለመሆኑ ተጫውታዋለች?» ስልኬን ለመክፈት ፈራሁ። ቶፉ ማን እንደሆነች ግን የሚያውቅ የለም... ጨዋታው ውስጥ ገባሁ።
ካኒዞ ወደቡ ላይ ብቻውን ቆሟል። «መጽሔቱን አነበቡት?» አለኝ። «ጀማሪ የሚያዋርዱ አሉ ይላል። እኔም የቆየሁ ነኝ፤ ሳላውቅ አንዱን አስቀይሜ ይሆናል። በሰው መዝናኛ እንቅፋት ከምሆን ቅዳሜ ጨዋታውን እተወዋለሁ።»
ደስ ሊለኝ ይገባ አልነበር? ምነው ታዲያ ከፋኝ?

ኖቬምበር 15፣ ሐሙስ
ሺዙኖ-ሳን፣ ገጾቹን የምታቀናብረው፣ ወረቀቷ ወድቆ አነሳሁላት። «ኪኖዶኩና» አለችኝ።
«ምን አልሽኝ?»
ሳቀች። «ውይ፣ ያገሬ አፍ አመለጠኝ። እኛ የቶያማ ክፍለ ሀገር ሰዎች አመሰግናለሁ ስንል ነው። ባሌ የቶኪዮ ሰው አይደል? መጀመሪያ ሰሞን ስንት ቀን አኩርፎኛል መሰለሽ።»
አመሰግናለሁ... ካኒዞም የዚያ አገር ሰው ኖሯል፤ ሲያመሰግነኝ ነው የዋለው። እኔ ደግሞ በስሜ፣ በአገር ፊት አዋራጅ አደረግኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ኖቬምበር 16፣ ዓርብ
ለኩረባያሺ ነገርኩት። እርማት ይውጣ አልኩ።
«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው ሥራችን። አንዴ ካረምሽ የሚቀጥለውን ነጥብሽን ማን ያምንሻል? ካወጣሽው የገምጋሚነቱን ወንበር ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»
«ነጥቡን አልነካም። አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ።»
«አንዷ መቼ አነሰች?»
እርማቱን ጻፍኩት። ፈረምኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያንን ወንበር እንዴት እወደው ነበር። ደግሞስ እርማቱ የሚወጣው በሚመጣው ሳምንት ነው። ካኒዞ የሚሄደው ነገ።

ኖቬምበር 17፣ ቅዳሜ
ቅዳሜ ስለሆነ ጨዋታው ላይ ሰው በዝቷል። «መግቢያው ተጨናንቋል፣ እባክዎ ይጠብቁ።» ጠበቅኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ቢሄድስ? እውነተኛ ስሙን እንኳ አላውቅም፣ የት ብዬ ነው የምፈልገው?
ስገባ አለ! ሰይፉን፣ ጥሩሩን፣ ጫማውን ሳይቀር ላላፊ አግዳሚው ሲያድል።
ሳላስብ ጻፍኩ። «አራት የሰጠችው ገምጋሚ እኔ ነኝ። ኪኖዶኩና ሲሉኝ ምስኪን ያሉኝ መስሎኝ ነው። የቶኪዮ ሰው ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»
ማደሉን አቆመ። ተናደደ?
«አዋራጁ እኔ ነበርኩ በሉኛ» አለ። «ማንን አስቀይሜ ይሆን እያልኩ ሰው ሁሉ በየተራ ሲታየኝ ከረመ። ታዲያ አሁን ነጥቡን ከፍ ያደርጉታል?»
ልዋሽ አሰኝቶኝ ነበር። «አላደርገውም» አልኩ።
«ደግ። አራትም በዝቷል። እኔ ብሆን ሦስት። ዓሣ ማጥመዱን ሞክረውታል? ሲያናድድ!»
ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ሳቅኩ። «እና ዛሬ አይሄዱም?»
«ዕቃዬን በሙሉ አድዬ፣ ራቁቴን ወዴት ልሂድ?»
«ሦስት የሚሰጡትን ጨዋታ ለምንድን ነው የሚጫወቱት?»
«የምወዳቸው ሰዎች እዚህ ናቸዋ» አለኝ።
ደግሜ አነበብኩት። ስለዚህ ጨዋታ ያን ሁሉ ስጽፍ ይቺን አልጻፍኳትም። ገምጋሚዋ ግን እኔ ነበርኩ።