ገፈርሳን ለእታለም ማሳየት

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

እታለም ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «እኛም ቡራዩ ሐይቅ አለን» ብዬ ለቀቅኩት። ዕድሜዋን ሙሉ ደብረ ዘይት ለኖረች ታላቅ እህቴ! ከንፈሯን አጣመመች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። እዚሁ ከእኔ ጋር ብትቀር እንዴት ደስ ባለኝ። እሷ ግን «ሰኞ ተመላሽ ነኝ» ትላለች። ቅዳሜ ገፈርሳ እወስዳታለሁ። እሷ በጾም ዓሣ ስለምትበላ፣ ዳር ላይ አስጠብሼ እንደማበላትም ነግሬያታለሁ።

ዓርብ

ጎረቤታችንን ኦቦ ቶሎሳን ምሩን ብዬ ለመንኳቸው፤ የዚያው የገፈርሳ ተወላጅ ናቸው። የዓሣውን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ አዲስ አበባ የሚጠጣው ግድብ እኮ ነው። ማን ቁጭ ብሎ ይጠብስልሻል?» አፈርኩ። ይኸን ሁሉ ዘመን ከታክሲ መስኮት ነው ያየሁት ለካ። ዳቦ ጋገርኩ፣ ሽምብራ ቆላሁ። እታለም ግን አትምረኝም።

ቅዳሜ

እንደፈራሁት። «ጀልባ የለ፣ ዓሣ የለ፤ ሐይቃችሁ ይኸው ነው?» አለች፣ ገና ከባሕር ዛፉ ሳንወጣ።

ከዚያ ውሃው ተዘረጋ። የውሃ ዝዮች ሣሩን እንደ በግ ይግጣሉ፣ ሰው ቢቀርብም ግድ የላቸውም። በበጋው ውሃው ሸሽቶ ከጭቃው ውስጥ ክብ የድንጋይ ረድፍ ወጥቷል።

«የአባቴ አውድማ ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ግድቡ ከፍ ሲል መንደራቸው እንዳለ ከሥር ቀርቷል። «እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ።»

እርጥብ ሣር ነጩ፣ ውሃው ውስጥ ነክረው በኦሮምኛ መረቁ።

እታለም «አይቆጭዎትም አባቴ?» አለቻቸው።

«ይቆጨኛል። ግን ውሃ ይመረቃል እንጂ አይረገምም።»

እህቴ ጫማዋን አወለቀችና እሷም ሣር ነጨች። ያ ሁሉ ከተማ የሚጠጣው ውሃ ሥር የሰው ደጅ አለ።

ሰኞ

አልሄደችም። ጀርባዬን አመመኝ አለች። ጀርባዋን አሟት አያውቅም።

ከሰዓት ጎመን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «የደብራችሁ ሰንበቴ አዲስ ሰው ይቀበላል?» አለችኝ።

«ይቀበላል።»

«እንዲያው ለመጠየቅ ነው።»

እሺ፣ ለመጠየቅ ይሁን። ሊሄድ የተነሣ ሰው ግን የሰንበቴ ተራ ምን ያደርግለታል? ማታ ለሰንበቴዋ ሊቀመንበር ደወልኩላት። እታለም አልሰማችም መሰለኝ።