የአቶ ዓለምነህ በላይ ዕረፍትና የማታው ትምህርት ነገር

ይህን የምትጽፈው የመርሳዋ ቅቤ ነጋዴ ዘሀራ ናት። ቃሉ የእኔ የቅሬው ዳኛ የሲራጅ ጀብሪል ነው፤ ሐዘኑ ግን እስላም ክርስቲያን ሳንል ሙታችንን አብረን የምንቀብር የቅሬው አባላት ሁሉ ነው።

የቋንቋ ተመራማሪው አቶ ዓለምነህ በላይ ታመው ሳይቆዩ በዚህ በጥር 1966 ዓ.ም. አርፈው ትናንት ቀብረናቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው አፈር ሲለብስ ያላዘነ ካለ እሱ ድንጋይ ነው፤ ይጻፍ።

በ1955 ዓ.ም. ከፍተኛ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ድምፅ ከየት እንደሚነሣና ምላስ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ከወልድያ እስከ መርሳ የሰው አፍ በባትሪ ሲያዩ ከረሙ። «በሬ ሊገዙ ነው እንዴ፣ ጥርስ የሚያዩ?» ብለን ሳቅንባቸው። እሳቸውም ስቀው፣ «ጋሼ ሲራጅ፣ በዚህ ዕድሜ እርስዎን የሚጠምድ ገበሬ የለም፤ ይክፈቱ» አሉኝ። ከፈትሁ።

ከ1958 ጀምሮ ቃል ከቃል እንዴት እንደሚያያዝ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል መረመሩ። ቴፕ አስቀምጠው ወሬያችንን ይሰሙ ነበር። ተናጋሪ ሳይጨርስ አያርሙም፤ ስለዚህ ከእኔ ዘንድ ብዙ ይቆዩ ነበር።

በ1961 ጎልማሳ ሰው ቋንቋና ፊደል እንዴት እንደሚለምድ ሊያጠኑ በቅሬው አዳራሽ የማታ ትምህርት ከፈቱ። ከመጽሐፍ አልጀመሩም። ተማሪው ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፉታል፣ እሱ የገዛ ቃሉን ያነባል። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታም ቢሆን አማርኛን በራሱ ጉዳይ ነው የጀመረ። ዘሀራ መጀመሪያ ያነበበችው «ቅቤዬ ውሃ የለበትም» የሚለውን ነው። ማንበቧን ሁሉም አመነ፤ ቅቤውን ግን እንጃ። ባለፈው ክፉ ዘመን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ስንቱ ደጅ ሲዘጋ ያ በር አልተዘጋም።

ትናንት ከቀብር መልስ የቅሬው አባል አቶ ሀብቴ፣ «ለክብራቸው ትምህርቱ እስከ አርባቸው ይዘጋ» አለ። የወግ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። «ይህን ያህል የተዘጋ ቤት ተማሪውን ይበትናል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ሬሳ ልታሸክመን ነው?» አልሁት። ተከራከርን፣ ተጯጯህን፣ በኋላ ሀብቴም እሺ አለ።

ስለዚህ ሰልስታቸው በዚያው አዳራሽ ይሆናል፤ በማግስቱ ማታ ትምህርቱ ይቀጥላል። የሚያስተምሩት እሳቸው ያሠለጠኗቸው ወይዘሪት ፀዳለ ናቸው። ከትምህርቱ የቀረ አባል ከቀብር እንደቀረ ይቆጠራል። ሕጉ ዳኛውንም ይጨምራል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባለም፣ ልጆቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ጽናቱን ይስጣችሁ። ደጃችሁ ደጃችን ነው፤ ብቻችሁን አታለቅሱም።

በይ ዘሀራ፣ መልሰሽ አንብቢልኝ። ሳልጨርስ ያረምሽብኝ ካለ እሰማዋለሁ።