እንቅልፉ ከእኔ ነው ወይስ ከአየሩ?

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት፣ ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀመረች? ልጆቹስ ጤና ናቸው? ስፌቱስ ዓይንሽን አላደከመውም? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ጤና ያጣው ሐሳቤ ነው። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ነገሩ መያዣ መጨበጫው ጠፍቶኛል።

ባለፈው፣ ማስተማሩን ትቼ ከባለቤትሽ ጋር ሱቅ ልሠራ ቆርጫለሁ ብዬሽ ነበር። ምክንያቱንም ታውቂዋለሽ። ሰባተኛ ክፍሎች ከምሳ በኋላ ሳይንስ ሳስተምራቸው አንድ በአንድ ዴስኩ ላይ ይደፋሉ። አንቺም ልጅ ሆነን «አንተ ወሬ ስትጀምር ዓይኔ ይከብደኛል» ትይኝ ስለነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። ሰው በየቀኑ ሲተኛበት ልቡ ይሰበራል፣ እታለም።

መልቀቂያዬን ላስገባ ስል ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና መጣ። ርዕሰ መምህሩ «ወንበራችን ባዶ አይሁን» ብለው ላኩኝ። አሰልጣኟ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ንግግር ሳታበዛ የክብሪት ቀፎ የምታህል መለኪያ በየእጃችን ሰጠችን። መለኪያዋ ከታብሌት ጋር ስትገናኝ፣ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ተንፍሰን የምናስወጣውን አየር፣ በመስመር እየሣለች ታሳያለች። ስንት ዓመት በጠመኔ የሣልነውን ነገር በዓይናችን ስናየው አፋችንን ከፍተን ቀረን። «መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ እንደማታውቁ ሆናችሁ አብራችሁ ለኩ» አለችን። እኔ መምሰል አላስፈለገኝም፤ የምር አላውቅም ነበር።

መለኪያዋን ከታብሌቱ ጋር ክፍሌ ወስጄ ከምሳ በኋላ ከፈትኳት። መስመሩ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ። ልጆቹ ሊያወርዱት ተማከሩና ሁሉም ትንፋሻቸውን ያዙ። ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ታብሌቱ ላይ ተተክሎ፣ ክፍሉ ጭር አለ። መስመሩ ግን አልወረደላቸውም። አንዷ ሳቅ አመለጣትና ሁሉም ፈነዱ። ከዚያ «ጠበቃዋ» የምንላት፣ ለሰው ሁሉ የምትከራከር ልጅ ተነስታ «መምህር፣ የሚያስተኛን ይሄ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። አዎ እንዳልላት እርግጠኛ አይደለሁም፤ አይደለም እንዳልላት ደግሞ አዎ እንዲሆን ተመኘሁ።

የክፍላችን መስኮቶች በምስማር የተመቱ ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ብየዳ ቤት አለ፤ ብረት ሲቆረጥ ጆሮ ይበጥሳል፤ ርዕሰ መምህሩ ያስመቷቸው ለዚህ ነው። ሄጄ ብነግራቸው «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አሉኝ። ልጆቹ መለኪያዋን እሳቸው ቢሮ ይዘዋት ገቡ፤ መስመሩ ዝቅ ብሎ ጋደም አለ። የእሳቸው መስኮት ክፍት ነው። ጉጠት አስመጥተው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ምስማሩን በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

እፎይ ስንል ጩኸቱ ገባ። ብከፍተው አይሰሙኝም፣ ብዘጋው ይተኛሉ። ለአሰልጣኟ ብደውል «እኔም መልሱን አላውቀውም፤ ልጆቹን ጠይቃቸው» አለችኝ። ብጠይቃቸው ጠበቃዋ «ባለ ብየዳ ቤቱን ለምን አናነጋግረውም?» አለች። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሄድን። በያጁ «እኔ የምቆርጠው ብረት እንጂ ቅቤ አይደለም፤ ድምፁን ምን ላድርገው?» ብሎ አሳቀን። ታብሌቱን ስናሳየው ግን ጓንቱን አወለቀና «ይሄ ሁሉ የልጆች ትንፋሽ ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይቆርጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይለካል፣ ይገጣጥማል።

አሁን ከምሳ በኋላ መስኮቱ ክፍት ነው፤ አብዛኛው ልጅ ነቅቷል። ኋላ ያሉት ሁለቱ ግን ዛሬም ይተኛሉ። አንዱን ጠጋ ብዬ ብጠይቀው፣ ቤታቸው ሕፃን ተወልዶ ሲያለቅስ እንደሚያድር ነገረኝ። ሌላው «እኔስ እርስዎ ሲጀምሩ ዝም ብሎ ይመጣብኛል» አለኝ። ታዲያ ምን ልበል? ከፊሉ ከአየሩ ነበር፤ ከፊሉ ከእኔ ነው፤ የቀረው ከየት እንደሆነ አልገባኝም። የነቁትም ቢሆኑ «ማንም በሌለበት ሌሊት መስመሩ የት ይደርሳል?» እያሉ ያፋጥጡኛል። ድሮ የሚያስፈሩኝ የተኙት ነበሩ፤ አሁን የነቁት ሆኑ።

በዚህ ላይ አሰልጣኟ የሌሎች ትምህርት ቤቶችን መምህራን አብሬያት እንዳሠለጥን ጠየቀችኝ። «እኔው ያልገባኝን እንዴት ብዬ?» ብላት «ያልገባህን ይዘህ ና» አለችኝ። ይህችን ንግግር ስንት ቀን አሰብኳት፤ ሙገሳ ትሁን ስላቅ ልለየው አልቻልኩም። ቢሆንም እሺ ብያለሁ። መልቀቂያውንም አላስገባሁም። ነገ እቆጭ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ክፍሉን ትቼ ልውጣ ብል እግሬ እሺ አይለኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ጋሼን፣ ከይቅርታ ጋር ሰላም በይልኝ፤ ሱቁ ውስጥ ያስቀመጡልኝን ቦታ ለሌላ ሰው ይስጡት፣ አይቀየሙኝ። ትልቁን ልጅሽን ቁመቱ የት ደረሰ በይልኝ። ትንሿን ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ። «ለምን?» ማለት አብዝታ አሰልችታናለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እባካችሁ አታስቁሟት። መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄዋን ወደ እኔ ላኩት። እኔም አላውቀው ይሆናል፤ ግን ከልጆቹ ጋር እንለካዋለን።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከመምህራን ማረፊያ ክፍል
የካቲት ፲፬ ቀን