መረቡ ዛሬ ጠዋት ይገለጥ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአትክልተኛ እናታቸው የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በስድስት ወራቸው እቅፍ አልወድም ብለው ይንፈራገጡ ነበር ይባላል። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። አስተማሪያቸው ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ወንበር ላይ ግን አትረጋም ብለው ለአባታችን ጽፈው ነበር።

ከአባታቸው ስፌት ተምረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የራሳቸውን የስፌት መኪና ገዙ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በጓሯቸውም ጎመንና ዱባ ይተክሉ ነበር። ነጫጭ ቢራቢሮዎች እንቁላል እየጣሉበት ትሉ ጎመኑን ወንፊት ቢያደርግባቸው፣ ከመጋረጃ ስፌት የተረፈ ስስ መረብ ቀጣጥለው፣ በታጠፈ ሽቦ ላይ ዘርግተው፣ ጠርዙን አፈር አለበሱት። ሰፈሩ ጎመን ቬል አልብሰው ሊድሩ ነው ብሎ ሳቀባቸው። በዓመቱ ያ ሁሉ የሳቀ ሰው መረብ ሊያሰፋ ደጃቸው ተሰለፈ፤ ስማቸውም «እትዬ መረብ» ሆኖ ቀረ።

ጎመን እንደተሸፈነ ይደርሳል። አብሮት በመረቡ ሥር ያለው ዱባ ግን ሲያብብ ካልተገለጠለት ንብ አይገባለትም፣ ፍሬም አይዝም፤ አንዱ አበባ የሚከፈተውም ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ባለቤታቸው በድንገት ያረፉት ዱባው ማበብ በጀመረበት ሳምንት ነበር። እህታችን መረቡን ልግለጥ ብለው በተነሡ ቁጥር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ጓሮ ለጓሮ ትዞራለች ወይ እያልን አስቀመጥናቸው። ክንዳቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው። ሰው ተሸኝቶ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት አለፈ። መረቡ ሲነሣ ከሥሩ የተገኘው የረገፈ አበባ ነው። ለልጆቻቸው ያሰቡት የዓመት ቀለብ በዚያው ቀረ።

አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ተቀምጠው አላየናቸውም። ስንቱን ምሳ ቆመው በሉ! ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር የመረቡን ጠርዝ ሊያዩ ይሮጣሉ። እኔም እባክሽ እትዬ፣ እረፊ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ኖርኩ፣ ለምን እንደማያርፉ ልቤ እያወቀ።

ባለፈው ወር የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ነርሷ ግሉኮስ ስትቀይር እሳቸው ዱባው አበበ ወይ ይሏታል። በመጨረሻ ወንድ ልጃቸውን ጠርተው «አበባው በቀብሬ ቀን ከተከፈተ መጀመሪያ ገልጠህ ና። እንዳያስቀምጡህ» አሉት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህን ስጽፍ እምቡጡ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ዛሬ ጠዋት ይከፈታል። ስለዚህ ይህ ሲነበብ ልጃቸውን ከመካከላችን ብታጡት አትቀየሙት። እጁ እንደጨቀየ ሲደርስ መንገድ ልቀቁለት። የጓሮውን በር የምከፍትለት እኔ ነኝ።

እህታችን ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። ማረፉን ግን እሱ ያስለምዳቸው፤ እኛ አልቻልንም።