ምክንያት ሲጠይቁ የኖሩት መምህር ነብዩ የሻው (1977–2018 ዓ.ም.)

በ1976 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ቀረ። እህል አልበቀለም፤ ከብት አለቀ። አቶ የሻው እና ወይዘሮ ጤናዬ ከበኩር ልጃቸው፣ ይህን ከሚጽፈው ከሃብታሙ ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። መምህር ነብዩ የካቲት 20 ቀን 1977 ዓ.ም. በሰፈራው መንደር ተወለዱ። በግንቦት ወባ አባታቸውን ወሰደ።

በዚያው ሳምንት ሃብታሙ የጎረቤታቸውን የአቶ ሙዐዊያን ሦስት የማንጎ ዛፎች ቆረጠ። አቶ ሙዐዊያ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር፣ «ሃብታሙ፣ ማንጎ ምን አደረገህ?» ይሉታል። ሃብታሙ፣ «ታዝዤ ነው» ብሎ ያልፋል። መምህር ነብዩ ይህን እየሰሙ አደጉ።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አሶሳ ተምረው፣ አዲስ አበባ በፍልስፍና ሁለት ዲግሪ አገኙ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አሶሳ ተመልሰው አስተማሩ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የአውሮፓ ዘመነ አብርሆት ሊቃውንት ስለ አእምሮ ያሉትን የሚመረምር ነበር። ሊቃውንቱ ሰው በራሱ አእምሮ ያስብ ብለዋል። መምህር ነብዩ ይህን ተቀብለው የራሳቸውን ጨመሩ፦ ብቻውን የሚያስብ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ምክንያት የሚፈተነው የተበደለው ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩት ነው። «ታዝዤ ነው» ማለትም አእምሮን ለሌላ ማከራየት ነው ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ወይዘሮ ስርጉትን አግብተው ሐኒን እና ኤልሳዕን ወለዱ።

ባለፈው እሑድ ወንድማቸው ቤት መጥተው፣ «ጋሼ፣ አቶ ሙዐዊያ አርጅተዋል። እስከ መቼ መልስ ይጠብቁ?» አሉ። «ማሽላው ይሰብሰብ» ተባሉ።

ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም. እያስተማሩ ወደቁ። ተማሪዎቹ ጠመኔ ሊያነሱ ያጎነበሱ መስሏቸው ጠበቁ። ሐኪሞች ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ራስ ምታት እንኳ አያውቁም ነበር። የአርባ ዓመት ሰው! ቤተሰቡ አሁንም ይገባሉ ብሎ በር በሩን ያያል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በማይጠወልግ ዛፍ ጥላ ሥር ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም አባት ይሁንልን።

ማክሰኞ ማለዳ፣ መቃብሩ ሳይቆፈር፣ ሃብታሙ አቶ ሙዐዊያ ግቢ ገብቶ ቆመ። የታዘዘው ለሰፈራው እርሻ ቀርከሃ እንዲመነጥር ነበር፤ ማንጎውን ቁረጥ ያለው የለም። አባቱን በቀበረ ማግስት የሰው ዛፍ አፍርቶ ማየት አቃተው። አርባ ዓመት ዕዳ ሆኖ የቆየው መልስ ይህ ነበር፤ ነገራቸው።

 አቶ ሙዐዊያ ከዘራቸውን አንስተው፣ «ይኸው ተናገርክ። ና፣ ልጃችንን እንቅበር» አሉ።